የውጭ ድንበር ለሌለው ወረዳችን የሕግ ኃላፊ

ለተከበሩ የወረዳችን የሕግ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ከተቀመጡበት ወንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የማያቋርጥ ጤና እመኛለሁ። ጉልበትዎን አይመምዎ፤ ዓይንዎም ደኅና ይሁን፤ የሚፈርሙበትን ለማንበብ ባይፈልጉት እንኳ ሰላምታ የሚሰጥዎን ለመቁጠር ያስፈልግዎታልና። ስምዎንና የወረዳችንን ስም ከዚህ ደብዳቤ ያስቀረሁት በጨዋነት ነው። ከንፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ «የእኛው ይሆን?» ብሎ የመጠርጠር መብቱን ልነፍገው አልፈለግሁም።

እኔ ዘርፌ ደምሌ ነኝ። ካስታወሱኝ፣ እርስዎ የሚፈርሙበትን ስጽፍ የኖርሁት የሕግ ባለሙያ ነበርሁ። ዘንድሮ በዓለም አቀፍ የክርክር አፈታትና የግልግል ዳኝነት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ተፈትኜ አለፍሁ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተቀበለኝ፤ የቀረኝ ምዝገባው ሳይዘጋ ከእርስዎ የትምህርት ፈቃድ ማግኘት ብቻ ነበር። ለማያውቀው አንባቢ ያህል፣ የግልግል ዳኝነት ማለት ሁለት ተከራካሪዎች ፍርድ ቤት በመሄድ ፈንታ ሁለቱም ያመኑበትን ሰው ዳኛ አድርገው የሚያስቀምጡበት መንገድ ነው። እርስዎ ዘንድ ያየሁት የዚህ ተቃራኒ ስለሆነ፣ ስላስተማሩኝ ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቀርብልዎ ተገድጃለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጂኦግራፊ ዕውቀትዎ አመሰግናለሁ። ማመልከቻዬን በሠራተኛ ስብሰባ ላይ አንሥተው፣ «እኛን የሚያዋስኑን እስቴና ስማዳ ናቸው፤ የውጭ ድንበር የለንም፤ ዓለም አቀፍ ጭቅጭቅ መተማ ያሉት ይማሩት» ብለው አስረድተውናል። ይህን ሲናገሩ የድንጋይ ካባው ድማሚት ፈንድቶ የስብሰባው አዳራሽ መስኮት ተንቀጠቀጠ፤ እርስዎም ድምፁ እስኪያልፍ በትዕግሥት ጠብቀው ከዚያው ቀጠሉ።

ያንን ካባ መንገድ ለሚሠራው የውጭ ኩባንያ ያከራየው ጽሕፈት ቤታችን ነው፤ ውሉን የፈረሙትም እርስዎ ነዎት። ድማሚቱ ከተጀመረ ወዲህ በአባቴ ቀበሌ ከብቱም ሰዉም የሚጠጣው ምንጭ ደርቋል፣ የቤት ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ ገብሱ አቧራ ለብሶ ቆሟል። አባቴ አቶ ደምሌና ጎረቤቶቹ አቤት ሊሉ ሲመጡ፣ በውሉ መሠረት ከኩባንያው ጋር የሚነሣ ክርክር ሁሉ በባሕር ማዶ ከተማ በግልግል ዳኞች እንደሚታይ ነገሯቸው። አባቴም፣ «ታዲያ መካነ ኢየሱስ ወርደን አውቶቡስ እንያዝ ወይስ በደብረ ታቦር በኩል ይቀርባል?» አለዎት። ቀልዱን እንደ እውነተኛ ጥያቄ ተቀብለው «እሱን ትራንስፖርት ጠይቁ» በማለትዎ ገበሬዎቹ እስከ ዛሬ ያነሡዎታል።

እኔ ግን አልሳቅሁም። አባቴ ከቢሮዎ ሲወጣ በረንዳው ላይ ነበርሁ፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ዓይኑን ሲጥልብኝ የባሕር ማዶ ዳኝነት አላጠናሁምና አፈርሁ። ያን ትምህርት የፈለግሁት ለዚህ ነበር። የውጭ ድንበር የለንም ያሉኝም አባቴን ባሕር ማዶ በሸኙበት በዚያው አፍዎ ነው።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ነው። ፈቃድ ሲከለክሉኝ ቅሬታዬን ይዤ ወደ ኮሚቴው ሄድሁ፤ በሩን ከፍቼ ስገባ ሰብሳቢው እርስዎ ነበሩ። ጉዳዩን ከመጀመሪያው ማስረዳት ስላላስፈለገኝ ትልቅ ዕረፍት ሆነልኝ። ክቡር ሰብሳቢው የክቡር ኃላፊውን ውሳኔ በጥልቀት መርምረው እንከን አላገኙበትም። የመልስ ደብዳቤው «ኃላፊውን በአካል አነጋግረን» ይላል፤ ብቻዎን ሲነጋገሩ ያየ ሰው ባይኖርም አምኜ ተቀብያለሁ።

፫. ይግባኝ ለማኔጅመንቱ አልሁ። ማኔጅመንቱን ማን እንደሚሰበስበው አንባቢ ይገምት፤ እኔ መጻፉ ሰልችቶኛል።

፬. ነገሩ ገበያ ወጥቶ ሰው ማሽሟጠጥ ሲጀምር፣ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብለው ለሽምግልና እንድንቀመጥ በመጋበዝዎ ከልብ ተነክቻለሁ። በአገራችን ወግ አንዱ በበኩሉ፣ ሌላውም በበኩሉ ሽማግሌ ይመርጣል። እርስዎ ግን ድካሜን አስበው ሦስቱንም ራስዎ መረጡልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር ተቀመጥን። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት አባ ወልደ ገብርኤል ጸሎት አድርሰው፣ እንደ ወጉ «ልጄ፣ በእኛ ዳኝነት ታምኛለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አፌን ሳልከፍት ግን እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ አትመልሺ። እኔ የዚህ ሰው የነፍስ አባቱ ነኝ፤ ኑዛዜውን የምሰማ ሰው ዳኛው ልሆን አይገባኝም» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። እርስዎ ደንግጠው «አባ፣ እኔ እኮ አምንዎታለሁ!» ሲሏቸው፣ «አንተ ስለምታምነኝ ነው የምነሣው ልጄ፤ እሷም የምታምነው ሰው ይቀመጥ» አሉዎት።

ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ፈንታም ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ «እኔስ አበልጁ አይደለሁ? ልጁን ክርስትና ያነሣሁ ሰው ምን ብዬ እቀመጣለሁ» ብለው ተከተሏቸው። ሦስተኛው፣ አቶ አስቻለው፣ ሚዜዎ ነበሩና ባርኔጣቸውን ፈልገው ሄዱ። ሦስቱንም ተነሡ ያላቸው ሰው አልነበረም። ሰው ይሉኝታ ካለው በራሱ እንደሚነሣ ያን ጊዜ ሊያዩ ይችሉ ነበር፤ ምናልባት በሌላ በኩል እየተመለከቱ ይሆናል።

ባዶው አግዳሚ ላይ እርስዎና እኔ ቀረን። ያኔም ቢሆን ኃላፊነትዎን አልዘነጉም፤ በማግሥቱ «ሽማግሌዎቹ ባለመገኘታቸው የቀድሞው ውሳኔ ጸንቷል» የሚል ቃለ ጉባኤ አስያዙ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን ያየሁት ከእርስዎ ዘንድ ነው።

፭. ምዝገባው ሊዘጋ ሲል የሥራ መልቀቂያ አስገባሁ። ለትምህርት ፈቃዴ ኮሚቴ፣ ማኔጅመንትና ሽማግሌ ያስፈለገዎት ሰው መልቀቂያዬን ቆመው ፈረሙልኝ፤ ብዕር እንኳ የተዋሱት ከእኔ ነው። አልመለሱልኝም፤ ይጠቀሙበት።

እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። እናቴ ልጇ የመንግሥት ሥራ ትታ በስንቅ ልትማር ስትሄድ ስታይ ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። ታናናሾቼን የማስተምረው በዚያ ደመወዝ ነበር፤ አሁን አባቴ ያለ ጊዜው በሬ ሸጧል። ስለ ፈቃዱ ይቅር ልልዎ እችል ነበር፤ ስለ እናቴ እንባ ግን ይቅርታውን ከነፍስ አባትዎ ይጠይቁ፤ እኔ ዘንድ የለም።

ደግነቱ ደርሼ ተመዘገብሁ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሩ፣ ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልም የሚለውን ደንብ አስተምረው ምሳሌ ጠየቁ። እጄን አውጥቼ ስለ አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ኃላፊ፣ ስለ ኮሚቴውና ስለ ማኔጅመንቱ ተናገርሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም በትሕትና፣ «ምሳሌ ስንፈጥር እንኳ ሊታመን የሚችል እናድርገው» ብለው አረሙኝ። ክቡርነትዎ የደረሱበት ደረጃ ይህ ነው፤ እውነት ሆነው ሳሉ መኖርዎን የሚያምን አልተገኘም።

በዚህ አጋጣሚ ወንበርዎ እንዲሰፋ፣ ኮሚቴዎችዎ እንዲበዙ፣ ሁሉንም እየሰበሰቡ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ምንጊዜም ከአክብሮት ጋር ሳይሆን ከአክብሮት ወግ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ዘርፌ ደምሌ
የቀድሞ ጸሐፊዎ፣ የአሁን ተማሪ

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለማኔጅመንት ሰብሳቢ
(ሁለቱም እርስዎ ስለሆኑ በአንዱ ይብቃቃልኝ።)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ እርስዎ ደወሉልኝ። ገበሬዎቹ የካባውን መንገድ ዘግተው ሥራ አጓተቱብኝ ብሎ ኩባንያው ጽሕፈት ቤቱን በዚያው በባሕር ማዶ ከተማ እንደከሰሰ፣ የክሱ ደብዳቤም በመሳቢያዎ ውስጥ ሰንብቶ የመልሱ ጊዜ ሊያልፍ እንደሆነ ነግረውኝ፣ መልሱን እንድጽፍልዎ ጠየቁኝ። የውጭ ድንበር በሌለው ወረዳችን ክሱ በየት በኩል እንደገባ አልጠየቅሁዎትም። ስለ ምንጩና ስለ ቤቶቹ በመልሱ ውስጥ መግባት ያለበትን ጽፌ ለአባቴ ልኬለታለሁ፤ ሰኞ ከጎረቤቶቹ ጋር ይዞልዎ ይመጣል፤ ቆመው ይቀበሉት፤ ደግሞም አንብበው ይፈርሙ።

ሌላው ጥያቄዎ፣ በጽሕፈት ቤቱ በኩል የሚሰየመው የግልግል ዳኛ እርስዎ ራስዎ ቢሆኑ ይቻል እንደሆነ ነበር። ዝም ስልዎ «ኔትወርክ ነው» ብለው ዘጉት። ኔትወርኩ ደኅና ነበር። ጥያቄዎን በጽሑፍ አድርገው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ያቅርቡ፤ ሰብሳቢው እንደማይጨክንብዎ እርግጠኛ ነኝ።