የሚያልቅ ገጽ

ውድ ወንድሜ፣

ይህን በወረቀት የጻፍኩልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስልክማ ከእጄ እንደማይለይ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ስልክ ላይ ስጽፍ ሐሳቤን ሳልጨርስ እልካለሁ፤ ከላክኩ በኋላ ደግሞ አየው አላየው እያልኩ ቀልቤን አጣለሁ። ወረቀት ቢያንስ ፖስታ ቤት እስኪከፈት ያስታግሰኛል። እስካሁን ጀምሬ የቀደድኳቸው አሉ። ሁሉም ላይ ጥፋቱን ለሌላ ሰው ሳካፍል ራሴን ያዝኩት።

አድራሻህን የሰጠኝ የመነጽር ቤቱ አለቃህ ነው። እህቱ ነኝ ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና "አፈ ጉባኤዋ አንቺ ነሽ?" አለኝ። ቤት ውስጥ በዚያ ስም ስትጠራኝ እስቅ ነበር። በእሱ አፍ ስሰማው ግን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ራስህ ለምነህ ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ እንደተዛወርክ፣ እዚያም እንደ ድሮው ከኋላ ክፍል ሌንስ እንደምትቆርጥ ነገረኝ። ደህና ነው ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም። በምን ዓይኔ?

ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ ጠዋታችን ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ በቀረንባት ቤት፣ አንተ ሻይ ትጥድና ውሃው እስኪፈላ ስልክህ ላይ ያቺን ገጽህን ትከፍታለህ። ታነባለህ፣ ለብቻህ ፈገግ ትላለህ፣ አንዳንዴ አንድ ነገር ትጽፋለህ። ሻዩ ሲፈላ ስልኩን በፊቱ ደፍተህ ትነሳለህ። በቃ፣ እስከ ነገ አታያትም። እኔ ደግሞ በአንድ እጄ ጥርሴን እየቦረሽኩ በሌላው የእኔን መድረክ አገላብጣለሁ። ማን ማንን ሰደበ፣ ማን ምን መለሰ፣ እኔ ትናንት የጻፍኩትን ስንት ሰው ላይክ አደረገው። ሥራ ገብቼ የደንበኛ ቅሬታ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጠዋት የጀመርኩትን ጭቅጭቅ እቀጥላለሁ። ምን ያህል ድስት እንዳሳረርኩ አንተ ታውቃለህ፤ ፈግፋጊው አንተ ነበርክ።

አንድ ቀን የምርም ገርሞኝ ጠየቅኩህ።

"ቆይ እስኪ፣ እንዴት ነው የምትዘጋት? ያንተም ወሬ፣ የእኔም ወሬ። ለምንድን ነው እኔን ብቻ ሱስ የሚያስይዘኝ?"

"ያ... ያ..." አልክ።

"ያንተ ያስጠላል፣ አይደል? ደባሪ ስለሆነ ነው!"

እጅህን አንስተህ ቆይ አልከኝ። ጠበቅኩ፤ ማለት ሻዬን እያማሰልኩ ሰዓቴን አየሁ።

"ያልቃል" አልክ።

ሳቅኩብህ። የሚያልቅ ኢንተርኔት ሰምቼ አላውቅማ። አንተ ግን አልተቀየምከኝም፤ ወንበርህን ወደ እኔ ጎትተህ ስልክህን ሰጠኸኝ። እንደዚያ ያለ ነገር አሳይተኸኝ አታውቅም ነበር። እንደ አንተ የሚንተባተቡ ሰዎች የሚጻጻፉበት ገጽ ነው። የምታስተዳድረው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ እሷም ትንተባተባለች፤ ሁሉም "መምህርት" ይሏታል። አንድ ሰው ሲጽፍ በዚያው ቀን ማንም መመለስ አይችልም። የተላከውን መልስ ሁሉ መምህርት ታነብና በማግስቱ ጠዋት አንድ ላይ ታወጣዋለች። ላይክ የለም፣ ቁጥር የለም። ከታች "የዛሬው ይኸው ነው" የሚል መስመር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ብትጎትተው ምንም አይመጣም። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የድምፅ ቀን ነው። የፈለገ ሰው የልቡን ይቀዳል፤ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ቃል ከያዘውም ይይዘዋል፣ ሰሚው ይጠብቃል።

"ሱስ እንዳይሆን ብላ ነው?" አልኩህ።

"አይ። ሰ... ሰው እስኪጨርስ ነው" አልከኝ።

አሁን ሳስበው መልሱ ሁሉ እዚያ ነበር። እኔን ይዞ የሚያውለኝ ወሬው ጣፍጦኝ አይደለም፤ ግማሹ ያናድደኛል። ይዞ የሚያውለኝ ምንም ነገር አለማለቁ ነው። እኔ ስዘጋው አንዱ ሊመልስልኝ ጀምሯል፣ ሌላው ሊሳደብ ነው፣ ልቤ እዚያው ቀርቶ ሥራ ቦታ የምሄደው አካሌ ነው። ያንተ ሰዎች ግን ዕድሜ ልካቸውን ቃል ከአፋቸው ሲነጠቁ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ማንም ማንንም የማይነጥቅበት ቤት ሠሩ። ጠዋት ገብተህ ሰውን አዳምጠህ ስትወጣ፣ ከኋላህ የሚጎትትህ ነገር የለም። ይህንን የተረዳሁት ግን ከረፈደ ነው።

በዚያው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለመሳቅ ብዬ ገጽህን ከፈትኩ። ለማንበብ ያኔ አባል መሆን አያስፈልግም ነበር። የጻፍከውን ፈልጌ አገኘሁት። በቃሌ ይዤዋለሁ።

"እህቴ አሳድጋኛለች፤ ትወደኛለች። ግን ቃሌን ትጨርስልኛለች። ብዙ ጊዜ የምትጨርሰው እኔ ልል የነበረውን አይደለም። አይደለም ለማለት ደግሞ እንደገና መጀመር አለብኝ፤ ስለዚህ እሺ እላለሁ። ቤታችን ውስጥ እኔ ያላልኳቸው ብዙ የእኔ ፍላጎቶች አሉ። ካፖርቴ ቡናማ ነው። ቡናማ አልወድም።"

አንዱ "ነግረሃታል?" ብሎ ጠይቆሃል። በማግስቱ "እየተለማመድኩ ነው" ብለህ መልሰሃል። ከሥሩም በድምፅ ቀን የቀዳኸው አለ፤ ለእኔ ልትነግረኝ ያሰብከውን ነው የምትለማመደው። ከፈትኩት። ወንድሜ፣ በእጥፍ ፍጥነት አድርጌ ነው የሰማሁህ። ሁሉንም ነገር እንደዚያ ነው የምሰማው፣ ልማድ ሆኖብኛል። በእጥፍ ፍጥነትም አልታገስኩም። "እህቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ" ብለህ መሃል ላይ ስትያዝ ዘጋሁት።

ደሜ ፈላ። ያንን ሁሉ ዓመት ሱቅ ስትገባ፣ ሐኪም ጋ ስትሄድ፣ ትምህርት ቤት ስትመዘገብ አፍ የሆንኩህ እኔ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት እንዲህ ልባል! ምሳዬን ትቼ ያነበብኩትን ስክሪንሻት አነሳሁና በእኔ መድረክ ላይ ለጠፍኩት። "የገዛ ወንድሜ ለባዕድ እንዲህ ብሎ ጻፈብኝ። እናንተ ፍረዱ" ብዬ። ስምህን ሸፍኜ ነበር። የገጹን ስም ግን አልሸፈንኩም። ረስቼው ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን መርሳቴን እርግጠኛ አይደለሁም።

መልሱ ጎረፈ። "ውለታ ቢስ!" አሉህ። "እንደ አንቺ ያለች እህት ከየት ይገኛል" አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለውም። በየደቂቃው እየከፈትኩ ሳይ ዋልኩ። ከዚያ አንዱ ገጹን ፈልጎ ገባ፣ ሌላው ተከተለው። እየተንተባተቡ የሚጽፉ መስለው መቀለድ ጀመሩ። መምህርት ያንን ሁሉ ቆሻሻ አንብባ መጣል አቃታት። ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው ድምፅህን ወሰደና ቃል የያዘህን ቦታ ብቻ ቆርጦ፣ ደጋግሞ፣ ከሙዚቃ ጋር ቀጠለው።

እኔ ጋ የደረሰው ቢሮ እያለሁ ነው። ገና ሲጀምር ድምፅህን አወቅኩት። እዚህ ላይ የማፍርበትን ልንገርህ፤ ሌላውን ሁሉ ሰው ነግሮህ ይሆናል፣ ይህንን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ያየሁት ስንት ሰው እንዳየው ነው። ወንድሜ ሲሳቅበት እየሰማሁ ዓይኔ የሄደው ቁጥሩ ላይ ነው። ብዙ ነበር። ከመደንገጤ በፊት "ጉድ፣ እዚህ ደረሰ!" አልኩ፤ አባባሌም የኩራት ነበር።

ቤት ስገባ ማዕድ ቤት ውስጥ ቆመሃል። መነጽር ቤቱ ውስጥ ደንበኛ የምትቀበለዋ ልጅ "ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?" ብላ አሳይታህ ኖሯል።

"አ... አ... አንቺ..." አልከኝ።

አላስጨረስኩህም። "አንተስ? አንተ መጀመሪያ ስሜን አላጠፋህም? እኔ ስምህን ሸፍኛለሁ፣ ድምፁን የለጠፈው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ምን አደረግኩ?" እያልኩ አወረድኩት። በመሃል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። አወጣሁና አየሁት። እያወራሁህ፣ እያለቀስክ፣ አየሁት። አንተም ሳየው አየኸኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም ለማለት አልሞከርክም። ልብስህን አጣጥፈህ ሻንጣ ውስጥ ከተትክ፤ እኔ የመረጥኩልህን ቡናማ ካፖርት ግን ወንበሩ ላይ ትተኸው ሄድክ። ውጭው ደግሞ ብርድ ነበር።

የለጠፍኩትን አጠፋሁት፤ ምን ይጠቅማል፣ ድምፁ እንደሆነ ተበትኗል። ለመምህርት ረዥም የይቅርታ ጽሑፍ ጻፍኩና ገጹ ላይ አውጪልኝ አልኳት። በሕጋቸው መሠረት በማግስቱ መለሰችልኝ። ያንን አንድ ቀን ስጠብቅ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ።

"ልጄ፣" አለችኝ፣ "ያልሽውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ግን አላወጣውም። ካወጣሁት ሰዎቹ ስለ አንቺ ማውራት ይጀምራሉ፤ እስከ አሁንም የተወራው ስለ አንቺ ነው። ለወንድምሽ ጻፊለት። መልስ ባይሰጥሽም ያንቺ ድርሻ እሱ ነው።"

ውሃ ሆንኩ። ገጹን አሁን ለውጭ ሰው ዘግታዋለች፣ ድምፆቹንም ሁሉ አንስታለች። ያንተም ሄዷል። ልትነግረኝ የተለማመድከው ነገር መጨረሻው ምን እንደነበር አላውቅም። ዓለም ላይ የቀረው ያ የተቆራረጠው ነው፤ እሱን ደግሞ አልሰማም።

የእኔን መድረክ ዘግቼዋለሁ ብልህ ደስ ባለኝ። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፣ እንደገና ዘጋሁት። ትናንት ተከፍቶ ነበር። በዚህ አልዋሽህም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ልምጣ። ባለፈው እሁድ ደወልክ። ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ስምህን ስክሪኑ ላይ ሳይ ገና ሳይጠራ ነው ያነሳሁት ማለት ይቻላል። "ወንድሜ!" አልኩ። ትንፋሽህን ሰማሁ። "እ..." አልክ። "እ... እ..."

ታውቃለህ፣ ሥራዬ ስልክ ነው። የማላውቀው ደንበኛ ሲያለቃቅስ፣ ሲሳደብ፣ የሚናገረው ጠፍቶት ቃል ሲፈልግ፣ አፌን ዘግቼ "እየሰማሁዎት ነው" እላለሁ። ደሞዝ ስለሚከፈለኝ እችልበታለሁ። ለአንተ ግን፣ ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ "እመጣለሁ ልትል ነው? ና! ዛሬውኑ ና፣ አልጋህን አነጥፌዋለሁ!" አልኩ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ስልኩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም፤ ቁጥሩን ባየሁበት ቀን እንኳ። ያኔ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር ማለት ይቻላል። እሁድ ዕለት ግን አውቅ ነበር።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጨቀጭቅህም፤ ና ብዬም አልለምንህም። ሌላ ጊዜ ደውልልኝ። ዛሬ አይደለም፣ ሲያሰኝህ። አነሳለሁ፣ "አቤት" እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ቃል ይያዝህ፣ አንድ ሰዓትም ይያዝህ። አንተ ጨርሰህ ስትዘጋ እዘጋለሁ፤ መልስ ካለኝም በማግስቱ ነው የምነግርህ።

ያ "እ" ብለህ የጀመርከው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከዚህ በታች ያለውን መስመር አጥብቄ ሰርዤዋለሁ፤ ወደ ብርሃን ይዘህ ለማንበብ አትሞክር። ምን ልትለኝ እንደነበር ገምቼ ጽፌው ነበር።

ዝም ብላ የምትጠብቅህ፣
እህትህ