ጎጀብን ያልተሻገረው ሕግ

1994 ዓ.ም.

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ አላቆመም። ወልቂጤ ቢሆን ይኼኔ እናቴ በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥታለች። እዚህ ቦንጋ ጫማዬ እንኳ አይደርቅም... ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዤ በጭቃው ጫማ ፍርድ ቤት እገባለሁ። ዳኛ ይቺ ናት?

ጠዋት ሁለት የድንበር ክርክር። አሰልቺ። ከዚያ የወይዘሮ ዘነበች መዝገብ ተጠራና ነቃሁ። የዚሁ አገር ሰው ናት፣ ከአርባ በላይ ትሆናለች፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብላ የምትቆም። ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ካለው ቡና ነጋዴ፣ ከአቶ ማሙሽ ጋር፣ ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ቤት ኖረዋል። ሰርግ የለም። ፊርማ የለም። ቤቱን አብረው ሠሩት። ዋጫ ከተማ አጠገብ ያለውን የቡና መሬት ደግሞ እሷ ናት ያለማችው፤ ችግኙን በጀርባዋ እያመላለሰች። ባለፈው ክረምት ውጪልኝ አላት። ግማሹን ትጠይቃለች።

አማርኛዋ አንቱታ የለውም። እኔ ዳኛዋም አንቺ፣ ጸሐፊውም አንተ። ጸሐፊው ሊያርማት ሲነሣ ተዋት አልኩት። "አዲሱ ሕግ አለ አይደል? እህቴ አዲስ አበባ እንዲሁ ነበረች። ግማሽ ሰጧት" አለችኝ።

አለ እንጂ! ሻንጣዬ ውስጥ ይዤው ነው የመጣሁት። ተማሪ ሳለን የወጣ ጊዜ እኛ ሴቶቹ እልል ብለን ነበር። እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ፣ ያፈሩት የጋራ ነው። የሷ እዳው ገብስ ነው።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በዚህ ሕግ የምፈርደው የመጀመሪያዬ ስለሆነ ጭምር።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ

አከራዬ እትዬ አስካለማርያም ስለ ክሱ ሁሉን ሰምተዋል። ቦንጋ ላይ ምን ይደበቃል? ሕጉንም በሬዲዮ ሰምተው በቃላቸው ይዘውታል። የእህታቸው ልጅ ሊያገባት የመጣውን ሰው፣ አሥራ ስምንት ሳይሞላኝ ሕጉ አይፈቅድም ብላ መለሰችው አሉኝ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ተጣልተው የመጡ ባልና ሚስትን በአዲሱ ሕግ ነው ብለው እኩል አካፍለዋቸዋል። ሽማግሌዎች! ሕግ በሬዲዮ ሰምተው!

ገረመኝ። እኔ ስንት ዓመት የተማርኩትን እነሱ በዜና ሰዓት ጨርሰውታል።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

የአቶ ማሙሽ ጠበቃ ደጀን ከጅማ ነው የመጣው። ረጋ ያለ፣ ከረባቱን እየነካካ የሚናገር። ተነሣና፣ "ክብርት ዳኛ፣ ከሳሽ የጠቀሱት ሕግ በዚህ ክልል የለም" አለ። እንዴት የለም? "የጎጀብን ወንዝ አልተሻገረም" አለኝ። ሰው ሳቀ። ጠረጴዛ መታሁ። ከዚያ የአዋጁን መግቢያ አነበበልኝ፤ ለፌዴራሉ መንግሥት በቀጥታ ተጠሪ ለሆኑ አስተዳደሮች የወጣ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ማለት ነው። በቃ።

መግቢያውን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! አዲስ አበባ ስማር የአዲስ አበባው ሕግ የሁሉም መስሎኝ ቀረ። ለሌላ ቀን ቀጠርኩና ወጣሁ።

ወይዘሮ ዘነበች ምንም አልገባትም። ከደጀን ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ደጀን ታያለች።

ጥቅምት 21፣ ረቡዕ

ጋሽ ለገሰ ዘንድ ሄድኩ። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው፣ ቢሯቸው እዚሁ ግቢ። አልሳቁብኝም፣ እግዜር ይስጣቸው። አስቀምጠው እንደ ልጅ አስረዱኝ።

ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን ሲያካፍል ለፌዴራሉ የሰጠውን ቆጥሮ ነው የሰጠው። ጦሩ፣ ገንዘቡ፣ የውጭ ጉዳዩ፣ የወንጀል ሕጉ... ቤተሰብ እዚያ ውስጥ የለም። ለፌዴራሉ ያልተሰጠ ደግሞ የክልል ነው። ይኼን እኮ ፈተና ላይ ጽፌ ኤ አግኝቼበታለሁ! ግን ሰው ላይ ሲደርስ አላየሁትም። አዲስ አበባ ያለው ፓርላማ ቢፈልግ እንኳ ለቦንጋ ሴት የትዳር ሕግ ማውጣት አይችልም። አይችልም። የሚችለው አዋሳ ያለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። አውጥቷል? ገና።

እስኪያወጣ የጃንሆይ ጊዜው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሠራል። በእሱ ደግሞ ሳይጋቡ አብሮ መኖር ንብረት አያጋራም። ወንዱ ካባረራት ቢበዛ የስድስት ወር ቀለብ ይቆርጥላታል። ሕገ መንግሥቱ እኩል ናቸው አይልም ወይ ብዬ ተከራከርኳቸው። "በትዳር እኩል ናቸው ይላል። ትዳር ነበር ወይ ነው ጥያቄው" አሉኝ።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ወረቀት ባይኖርም ራሳቸውን ባልና ሚስት ብለው፣ ዘመድ ጎረቤቱም ባልና ሚስት ብሏቸው ከኖሩ፣ አሮጌውም ሕግ ጋብቻ አለ ይላል። ጠይቂያት አሉኝ።

እጠይቃታለሁ። አዎ ካለች ቤቷ ተረፈ ማለት ነው።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው ወጣ ብዬ እስከ ጫካው አፋፍ ሄድኩ። ጉም ነው፣ ዛፉ ግማሹ አይታይም።

ሁለት እህትማማቾች፣ የአንድ እናት ልጆች። ሁለቱም ሳይጋቡ ኖሩ፣ ሁለቱም ተባረሩ። አንዷ ግማሽ ቤት አላት፣ አንዷ ምንም። በመካከላቸው ያለው የአውቶቡስ መንገድ ብቻ ነው። ሕጉ የሚያልቅበት ቦታ የት ጋ ነው? እኔ እኮ በዚያ መንገድ መጥቻለሁ። ሰበታን ሳልፍ ተኝቼ ነበር... ምንም አልተሰማኝም።

ንዴት ነበር የሚገባኝ። ንዴቱም አለ። ግን ግርምቱ በለጠብኝ፣ ምን ላድርግ። ጦር ያለው፣ ብር የሚያትም መንግሥት የአንዲት የቦንጋ ሴት ጓዳ በር ላይ ደርሶ፣ ይኼ የእኔ አይደለም ብሎ ቆመ። ማንም ሳይዘው። እንዲህ ያለ ነገር አገራችን ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያስፈራል ደግሞ፤ እሱ ካልገባ ማን ይግባላት?

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠየቅኳት። "ወይዘሮ ዘነበች፣ አቶ ማሙሽ ባልዎ ነው?"

ምን ማለት እንዳለባት የማያውቅ ሰው አልነበረም፣ ሰው ነግሯታል፤ ደጀን ለመቃወም ብድግ ሊል ነበር። ማሙሽ ጫማውን ያያል። እሷ አሰበች። በጣም አሰበች።

"ባሌ አይደለም" አለች። "ባሌ እንዲሆን የጠበቅኩት ሰው ነው።"

ሰዉ ምን ይላችሁ ነበር ብዬ አዞርኩት። የማሙሽ ሴት ይሉኝ ነበር አለች። ሚስት ብሏት የሚያውቅ የለም። ሰርግ እንሠራለን፣ ዘንድሮ ቡናው ይሸጥ፣ ለከርሞ ይሁን፣ እያለ ነው የኖረው።

አንዲት ቃል! አዎ ብትል ምን ነበረበት? ስትምል እጇን ያነሣችበትን ሁኔታ አሁንም አየዋለሁ...

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ፈረድኩ። የስድስት ወር ቀለብ። ቤቱም መሬቱም የማሙሽ። ቶሎ ቶሎ አነበብኩት።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትሰድበኝም ይገባኛል። እሷ ግን ሌላ ነው የጠየቀችኝ። የአዲስ አበባው ሕግ የአዲስ አበባ ከሆነ የኛን ማን ነው የሚያወጣው?

የክልሉ ምክር ቤት ነው አልኳት። እዚያ ከኛ ሰው አለ? አለ፣ መምህር እስክንድር የዚህ ተመራጭ ነው። ቤቱ የት ነው? ነገርኳት። "ታዲያ እኛ ጋ ነው ያለው" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

እኛ ጋ ነው ያለው... ጋሽ ለገሰ በስንት ቃል ያስረዱኝን።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

እትዬ አስካለማርያም እንደነገሩኝ ማሙሽ ሌላ ሴት አስገብቷል። ትህትና ትባላለች፣ ደካ ከሚባል ቦታ የመጣች ገና ልጅ እግር ናት። ቤቱ ጎን ወፍጮ ሊተክሉ ነው። ዘነበች ገበያ ዳር አንድ ክፍል ተከራይታ ማር ትሸጣለች።

ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ

መምህር እስክንድር መንገድ ላይ አስቆመኝ። "አንቺ ነሽ አሉ የላክሽብኝ" ይለኛል፣ ግማሽ ሳቅ ግማሽ ቁጣ። ዘነበች በየገበያው ቀን ማሯን ሸጣ ስትጨርስ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ሕጉ ወጣ? አልወጣም። እሺ። ትነሣለች፣ ትሄዳለች። ሚስቱ እንግዳ መስላት ምሳ ማቅረብ ጀምራለች። አሁንማ ሌሎች ሴቶችም አብረዋት ይመጣሉ አለኝ። አዋሳ ለስብሰባ በሄደ ቁጥር ስትመለስ ምን ይዘህ ትመጣለህ የሚሉት ከልጆቹ ቀድመው እነሱ ናቸው።

መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

1995 ዓ.ም.

ግንቦት 8፣ ዓርብ

የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ረቂቅ ለውይይት መጣ። ቦንጋ መጣ! አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ባለሙያው ረቂቁን በአማርኛ ያነባል፣ መምህር እስክንድር ወደ ካፊኖኖ ይመልሳል። ሳይጋቡ አብረው ስለኖሩት የሚለው ጋ ሲደርስ ወንዶቹ ተንጫጩ። ሽርሙጥና ነው ያለም አለ።

ዘነበች ተነሣች። በካፊኖኖ ነው የተናገረችው፣ እኔ ጥቂት ጥቂት ነው የያዝኩት፤ አጠገቤ ያለች ሴት ሹክ አለችልኝ። ቡና ስትተክል የታያት የጋራ እንደነበር፣ ሲለቀም ግን የአንድ ሰው እንደሆነ። አዲስ አበባ ለእህቷ እንዳወቀላት፣ ለእኛ የሚያውቅልን ግን እኛ ብቻ መሆናችንን ዳኛዋ እንደነገረቻት... እኔን! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ኩራትም ነው፣ እፍረትም ነው።

አንዲት ማር ሻጭ ስለ ራሷ ሕግ ስትናገር ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ይጽፍ ነበር። ይኼን በዓይኔ አየሁ። ከመጽሐፍ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

1996 ዓ.ም.

ሐምሌ 14፣ ረቡዕ

ሕጉ ወጥቷል። የታተመበት ጋዜጣ ዛሬ ደረሰን። የክልላችን የራሱ። አብሮ ስለመኖር ያለው ገብቷል።

ከሰዓት ዘነበች መጣች። እንዴት ብዬ ልንገራት እያልኩ ሳዘገይባት ገብቷታል። "ወደ ኋላ አይሄድም፣ አይደል?" አይሄድም አልኳት። የሷ ጉዳይ አልቋል፣ የተፈረደው ተፈርዷል። እሺ አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "መውጣቱስ ወጣ" አለች።

አለቀስኩ። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ግን።

1998 ዓ.ም.

ታኅሣሥ 4፣ ማክሰኞ

ትህትና ማሙሽን ከሰሰች። አሁን ደግሞ እሷን አስወጥቷታል። ያ ቤትና ያ የቡና መሬት ከሷ በፊት የነበረ ነው፣ እሱን አልጠየቀችም። የጠየቀችው የወፍጮውን ግማሽ ነው፤ አብረው ያቆሙትን።

ማሙሽ ጠበቃ ያደረገው ያንኑ ደጀንን ነው። ደጀን ዛሬ ሕጉ የለም አላለም። ሠራተኛ ነበረች አለ፤ ደመወዝ የሚከፈላት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ። የልጅቷ ምስክሮች ሁለቱ ቀሩ። ማሙሽን ፈርተው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የሱ ዘመድ ወይ ደንበኛ ነው። የመጣው አንድ ሽማግሌም አላውቅም፣ አላየሁም አለ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። በዚህ ከሄደ ክሱን መጣሌ ነው።

ሌላ ምስክር አለሽ? አንዲት ሴት አለችኝ አለች። ተጠራች። ዘነበች ገባች።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ማስማሉን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

ደጀን ዝም ብሎ አልተዋትም። "ይቺ ልጅ ናት እርስዎ በወጡበት ቤት የገባችው፤ ለሷ ይመሰክራሉ?" አላት። ዘነበች ወደ እኔ ዞረች። "ሠራተኛ ነበረች ወይ ነው አይደል ጥያቄው? አይደለችም። ማር ይዤ በዚያ በር ሳልፍ አያት ነበር። እኔ እዚያ ቤት ምን እንደነበርኩ አውቃለሁ። እሷም ያው ነበረች።"

ማሙሽ ቀና ብሎ አላያትም።

ታኅሣሥ 18፣ ማክሰኞ

የወፍጮው ግማሽ ለትህትና ተፈረደ። በፍርዱ ላይ የክልሉን ሕግ ስጠቅስ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል አነበብኩት። ደጀን አንገቱን ነቀነቀ።

ከችሎት ስወጣ ዘነበች ግቢው በር ላይ ማሯን አንግታ ቆማለች። ፍርዱን ልትሰማ መጥታ ኖሯል። አሁን ያለቀ ጉዳይ ነው ብዬ፣ ዳኛ የማይጠይቀውን ጠየቅኳት። ትህትና ያገኘችውን ሲያዩ አልቀኑም ወይ?

"ቀንቻለሁ" አለችኝ። "ለምን እዋሻለሁ።"

ገበያው ሳይበተን ልድረስ ብላ ቁልቁል ወረደች።