ራጁ ያላየው ጉልበት

ልጄ ትርሲት፣ ኪዳነ ምሕረት በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዝናቡም ዘግይቶ ነጌሌ ገብቷል።

ትናንት የጎረቤታችን የዩኑስ ልጅ ኢክራም መረብ ኳስ ስትጫወት ጉልበቷ ተጠመዘዘባት። ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ራጇን በመስኮቱ ብርሃን አየና፣ «አጥንቷ ደህና ነው፤ ታስመስላለች» አለ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አባትሽ በሞተ ሰሞን፣ ያው ሰው ጉልበትሽን አይቶ አንቺንም ያለሽ ይህንኑ ነበር! ሰው ፊት የማልናገረው ሴት ደሜ ፈላ። የላክሽልኝን የኤምአርአይ ምስል ከስልኬ አውጥቼ፣ «ጅማት በራጅ አይታይም። ይኸው፣ የልጄ ጅማት አጥንቱን ከያዘበት ቦታ ተነቅሎ ነው የኖረው» አልኩት።

«እትዬ፣ መቼ ሐኪም ሆኑ?» ብሎ ሳቀ።

«እርስዎን አምኜ ልጄን ውሸታም ያልኩ ጊዜ!»

ሳቁን ተወና ወደ ሐዋሳ ሪፈር ጻፈላት።

በእሱ ብቻ ግን አልፈርድም። በዚያ ጉልበት ውሃ ያስቀዳሁሽ እኔ ነኝ፤ አንቺም ማንከስሽን ከእኔ መደበቅ ለመድሽ። ሐኪሞችሽ በቀዶ ሕክምናው አዲሱን ጅማት የሚተክሉበትን ቦታ ከምስሉ ለክተው አግኝተውታል ብለሻል። ሕመሙን ግን ካልነገርሻቸው አያዩትም። ሲጠይቁሽ፣ እባክሽ ልጄ፣ «ደህና ነኝ» አትበያቸው።

እግዚአብሔር እጃቸውን ይባርክ፤ ሳታነክሺ ስትመጪ ያሳየኝ።

እናትሽ