በዕድራችን ድንኳን ላይ እንቁላል ስለታቀፈችው ዘንዶ

ሐምሌ 1999 ዓ.ም.
ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
የካ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? የእንጦጦ ብርድ ጉልበትዎን አልያዘዎትም? እኛ የዕድሩ ሴቶች ደኅና ነን፤ ዘንዶዋም ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የዕድራችንን ዕቃ ቤት ለጊዜው ነው ብለው ለእነ ኤጀታ የወጣቶች ማኅበር የሰጡት፣ ልጆቹ ዘንዶ አርብተው ለጎብኚ እንዲያሳዩና ሥራ አጥነት እንዲቀንስ ነበር። ይኸው ቀነሰ! አሁን ሥራ አጥ የሆኑት የሰፈሩ ድመቶች ብቻ ናቸው፤ አይጡን ሁሉ ልጆቹ እያጠመዱ እሷን ያበሏታላ።

ስለ እድገቷም አልዋሽም። ስትመጣ ከክንዴ አትረዝምም ነበር፤ ዛሬ ከበሩ ተነሥታ ግድግዳው ጋ ስትደርስ ትታጠፋለች። በየስብሰባው ስለ እድገት ሲነግሩን ዓይናችንን እናሽ የነበርን ሰዎች፣ አሁን በመስኮት አይተን አምነናል።

ቅሬታ ካሉት ግን፦

አንደኛ፣ ብርድ አትችልምና ልጆቹ የዕድሩን ድንኳን አነጠፉላት። እሷም ወደደችውና እንቁላሏን ጣለችበት፤ ተጠምጥማም ታቀፈችው። እየተንቀጠቀጠች ታሞቀዋለች ሲሉኝ ሄጄ አየሁ፤ እውነት ነው፣ እናት እኮ ናት! ምግብ እምቢ ብላ ንቅንቅ አትልም። በቀበሌያችን በሥራ ሰዓት ከቦታው የማይጠፋ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሁለተኛ፣ የጎረቤቴ የብርቄ እናት ያረፉ ዕለት ጥሩምባ ተነፍቶ ድንኳን ልናወጣ ብንሄድ፣ ኤጀታ በሩ ላይ ቆሞ እትዬ በሞቴ፣ ከተነካች እንቁላሉን ጥላ ትነሣለች እያለ ለመነን። እርስዎ ዘንድ ብንመጣም እስኪፈለፈል ሁለት ሦስት ወር ታገሡ ብለው ወሰኑልን። እኛስ እንታገሥ ነበር፤ እምቢ ያሉት ሟቿ ናቸው። ለቀስተኛው በተቀዳደደ ላስቲክ ሥር ተኮራምቶ፣ ዕንባውና ዝናቡ ሳይለይ ዋለ። ብርቄ እናቷን ትታ ለእንግዳ ደረቅ ቦታ ስትፈልግ ማየት አንጀት ይበላል።

ሦስተኛም ነበረኝ፤ ጠፋኝ።

መቼም ክረምቱን ማንም እንዳይሞት መመሪያ ማውረድ አይችሉም። እንቁላሉም ይፈልፈል፣ እኔም እሳሳለታለሁ። ስለዚህ ተሰብስበን በአንድ ድምፅ ወስነናል፦ ድንኳናችን እስኪመለስ ድረስ ለቅሶ የምንቀመጠው በቀበሌው አዳራሽ ነው። ስለ ቁልፉ አይቸገሩ፤ ዘበኛው ወልደ ኢየሱስ የዕድራችን አባል ነው። ንፍሮውን እኛ እናመጣለን፤ ስብሰባ ካለዎትም ከለቀስተኛው ጎን ቦታ አይጠፋም።

ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ዘንዶዋ ከቀን ወደ ቀን የሚረዝመው፣
ወርቅአየሁ ዲንሳ
የዕድሩ ዳኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ እርስዎም የዕድራችን አባል መሆንዎ ትዝ ብሎኝ ደነገጥኩ። ድንኳኑ የእርስዎም ነውና፣ እባክዎ እስኪፈለፈል ድረስ ራስዎን ይጠብቁ።