በጉባኤው ቦርሳ ውስጥ የገባው ወረቀት

ሰኞ፣ ጁላይ 21

ዛሬ አርባ ሁለት ቦርሳ ሰፋሁ። ሰማያዊ ሸራ፣ ማንገቻው ጥቁር። ሸራው ወፍራም ስለሆነ ሁለት መርፌ ሰበረብኝ። የሚፈለገው መቶ ስልሳ ነው። ለሐይቁ ጉባኤ እንግዶች… የሳይንስ ሰዎች ከብዙ አገር ይመጣሉ አሉ።

ስፌቱን ለምን ተቀበልኩ? ከዚያ የሐይቅ ጥናት ተቋም ሥራ እንዴት እቀበላለሁ? እጄ ሥራ ሲፈታ ልጄ አፖንዲ ትመጣብኛለች። ለዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነኬሳ መጣች፣ የተቋሙ ጸሐፊ። አንድ ካርቶን ወረቀት በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል አስጭና። በየቦርሳው አንድ አንድ ይግባ አለች።

«ምንድን ነው?»

«ለእንግዶቹ ጠቃሚ መረጃ። የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚበሉ…»

«ትልልቅ ሰዎች አይደሉም እንዴ? መብላት አያውቁም?»

ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ዶክተር ሳይጻፍለት ውሃ አይጠጣም።»

ወረቀቱን አላየሁትም። ነገ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

አነበብኩት። ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። እንግሊዝኛው ከስምንተኛ ክፍል ያልፋል፣ ግን ገባኝ። አሥራ ሁለት ቁጥር አለው።

አንድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አውቶቡስ ይጠብቃችኋል። ሁለት፣ ባጅ አንገት ላይ ይንጠልጠል፣ ያለ ባጅ ምሳ የለም። አራት፣ የቧንቧ ውሃ አትጠጡ። አምስት፣ አጎበሩን ፍራሹ ሥር ወትፉት። ስድስት፣ ኡጋሊ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ በእጅ ይበላል፣ ማንኪያ የፈለገ ይጠይቅ። ሰባት፣ ሲመሽ ሐይቁ ዳር አትሂዱ፣ ጉማሬ ይወጣል። ለሶኬቱ ቀዳዳ እንኳን አስበዋል። ሦስት እግር ያለው መሰኪያ ይዛችሁ ኑ ብለዋል።

አሥራ አንድ። «ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ በስምንት ሰዓት፣ በተቋሙ ጀልባ የሐይቅ ጉብኝት። ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ተዘጋጅቷል፤ ለፎቶ ያምራል።»

ለፎቶ ያምራል።

አሥራ ሁለት። «በጉብኝቱ ላይ፣ ባለፈው ዓመት ድንገተኛ ነፋስ ለነጠቀን ወጣት ተመራማሪ ለአፖንዲ አበባ እንጥላለን።»

ድንገተኛ? እዚህ ሐይቅ ላይ ከምሳ በኋላ ነፋስ እንደሚነሳ የማያውቅ ማን አለ? ዓሣ የምትጠብሰዋ ሴትዮ ታውቃለች። ሕፃን ያውቃል። አጥማጆቹ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጀልባቸውን አሸዋ ላይ ጎትተው መረብ ይጠግናሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ውሃው ይጠቁራል። ስምንት ሰዓት ላይ ነጭ ይሆናል። በየቀኑ ነው። ድንገተኛ…

አፖንዲን በስምንት ሰዓት ነው የላኳት። ከመሀል ሐይቅ ውሃ በጠርሙስ ቅጂ ብለው። ጃኬቶቹ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ለእንግዳ የተገዙ ናቸው ተባልኩ… ከቀብሩ በኋላ።

ወረቀቱን የነካሁበትን እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ሁለቴ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 23

አልሰፋሁም። ካርቶኑን አልጋው ሥር ገፋሁት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

ክር ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ኦኩሙ ነበር። የጀልባው ነጂ። ከአፖንዲ ጋር የወጣው፣ ብቻውን ዋኝቶ የተመለሰው።

ቆቡን አወለቀ። «የአፖንዲ እናት፣ እንዴት ዋሉ?»

እግሩ ሥር ምራቄን ተፋሁ። ሰው ሁሉ አየ። ሽንኩርት ሻጯ «ኧረ ምን ነካት!» አለች። ምን ነካት… የሚሸት ነገር አየሁ፣ ተፋሁ።

ፊደል አልቆጠረም ይሉታል። ነፋሱን ግን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። ያውቅ ነበር። እያወቀ ለቀን አበሉ ብሎ ልጄን ይዞ ወጣ። በቀብሩ ሰሞን ሦስቴ ደጄ መጣ። ሦስቴም አባረርኩት። ምን ሊለኝ? እንዴት እንደዋኘ ሊነግረኝ?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 29

ፕሮፌሰር ኦዴራ ቢሮ ሄድኩ። የተቋሙ አለቃ እሱ ነው። አፖንዲንም የሚያስተምራት እሱ ነበር።

«እማማ! ይግቡ፣ ይግቡ!»

ኦቾሎኒ ይበላል። ገለባውን ጠረጴዛው ላይ ያራግፋል። ቀይ ገለባ ጥርሱ ላይ ተለጥፏል።

«የጉብኝቱን ሰዓት ቀይሩት» አልኩ። «በጠዋት ውጡ።»

«በጠዋት እኮ ንግግር አለ እማማ። ከመንግሥትም ትልቅ ሰው ይመጣል።»

«ንግግሩ ከምሳ በኋላ ይሁና። ንግግርን ነፋስ አይገለብጠውም።»

ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው።

«ሐዘንዎ ይገባኛል። የአፖንዲ ነገር ግን አደጋ ነው። ማን ያውቅ ነበር?»

«ኦኩሙ ያውቅ ነበር።»

«ኦኩሙ!» ገለባውን እፍ አለው። «ኦኩሙ ሞተር ነጂ ነው እማማ። እኛ የምንሠራው በጥናት ነው።»

ከዚያ የፊት ወንበር እንደተያዘልኝ ነገረኝ። ነጭ ብለብስ ጥሩ መሆኑንም ነገረኝ። ለፎቶው። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠው። መዳፉ ቅባት ነበረው… እስከ ቤቴ ቀሚሴ ላይ ስጠርግ መጣሁ። አሁንም ያለ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 31

ነኬሳ ቦርሳዎቹን ልታይ መጣች።

«አንድ መስመር ጨምሪልኝ» አልኳት። «ከቀትር በኋላ ሐይቅ ላይ አይወጣም የሚል።»

«እህቴ፣ ፕሮፌሰሩ የፈረመበት ነው። እኔ የሰጡኝን ነው የምተይበው።»

«ስትተይቢው አታነቢውም?»

የአንዱን ቦርሳ ማንገቻ ጎተተች። «ብባረር ልጆቼን ማን ያስተምርልኛል?» አለች።

እኔስ አስተምሬ የት ደረስኩ? አልወጣኝም። በሆዴ አልኩት። እሷንም ጠላኋት። የቀባችው ሽቶ ራሴን አዞረኝ። ሻይ ግን ቀዳሁላት… ምን ላድርግ፣ እንግዳ ናት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ዛሬ ገባኝ። ወረቀቱ ያለው እኔ ቤት ነው። ሁሉም። ቦርሳውም እኔ ቤት ነው። ማንን ነው የምለምነው?

ከአሥራ ሁለት ቁጥር በታች ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ።

የአፖንዲን መዝገበ ቃላት አወረድኩ። ረፋዱን በሙሉ ፈጀብኝ። ሦስት ጊዜ ሰርዤ እንዲህ ወጣ።

«13. ከቀትር በኋላ ማንም ሐይቁ ላይ አይወጣም። ነፋሱ ድንገተኛ አይደለም፤ በየቀኑ ይመጣል። ልጄ አፖንዲ የወጣችው ከምሳ በኋላ ነው። እናቷ ነኝ።»

እሑድ፣ ኦገስት 3

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሥራ ዘጠኝ ጻፍኩ። ጣቴ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም። አንዱን አበላሸሁት፣ ቀደድኩት።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ሰማንያ አንድ ደረስኩ። ስሟ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እጄ ይቆማል። በሕይወት እያለች ስሟን ጽፌ አውቃለሁ? አንዴ ብቻ… ትምህርት ቤት ሳስመዘግባት። አሁን ሰማንያ አንድ ጊዜ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ነኬሳ ቦርሳዎቹን ልትወስድ መጣች። አንዱን ከፈተች። ወረቀቱን አወጣች። አነበበች።

አሥራ ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«የእጅ ጽሑፍሽ እንዲህ ያምራል?» አለች። መልሳ ከተተችው።

«የተረፈ ወረቀት አለ?»

«አራት አለ። ጽፌበታለሁ።»

«አንድ ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ዛሬ ሽቶዋ አልሸተተኝም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ጉባኤው ትናንት ተጀመረ። ዛሬ በምሳ ሰዓት የፕሮፌሰሩ መኪና ደጄ ቆመ። አልተቀመጠም።

«ማን ፈቀደልሽ?»

ዛሬ «እማማ» የለም። «እርስዎ»ም የለም። እንዲህ ይሻላል፣ ቢያንስ ቅባት የለበትም።

«እንግዳ ፊት አዋረድሽኝ! ከኡጋንዳ የመጣች አሮጊት ዶክተር አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተነስታ ‹ይህች እናት ማን ናት? እውነቷን ነው?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ሐዘን የጎዳት ሴት ናት አልኩ። ምን ልበል?»

«እውነቷን ነው ማለት ይቻል ነበር።»

ፊቱ ጠቆረ። «ጉብኝቱ አይቀርም። አንቺ ግን ብትቀሪ ይሻላል።»

ሄደ። የቆመበትን በውሃ አጠብኩት።

ዓርብ፣ ኦገስት 15

ሄድኩ። በአረንጓዴ ቀሚሴ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ውሃው ነጭ ሆኖ ነበር። እንግዶቹ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሰው፣ ቦርሳዬን አንግተው አሸዋው ላይ ቆመዋል። ብዙዎቹ ቀርተዋል፣ የመጡት ሃያ ቢሆኑ ነው። ፎቶ ይነሳሉ። እየሳቁ። አንዱ አበባውን ይዟል፣ ነፋሱ ቅጠሉን ይነጭበታል። ይህን ሊጥሉላት ነው… እሷ ያለቀችበት ውሃ ላይ፣ ባለቀችበት ሰዓት።

ፕሮፌሰሩ ባርኔጣውን በእጁ ጨብጦ «ትንሽ ሞገድ ነው! ትንሽ ሞገድ!» ይላል። ከዚያ፣ «ኦኩሙ፣ ሞተሩን አስነሳ።»

ኦኩሙ የጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አልተነሳም።

«አልሰማህም?»

ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፈታው። ወረቀት። የእኔ ወረቀት።

«ተጽፏል ፕሮፌሰር።»

«ምኑ?»

«አምና አይወጣም ስልዎ፣ የት ተጽፏል ብለውኝ ነበር። ይኸው። ተጽፏል።»

«እሱን እኮ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት…»

«እኔ ማንበብ አልችልም። ነኬሳ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ነው።» ጣቱን ልክ ቦታው ላይ አሳረፈ።

ያቺ የኡጋንዳ አሮጊት ጃኬቷን ፈትታ አሸዋው ላይ ጣለችው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ብርቱካናማ ክምር ሆነ። ፕሮፌሰሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ። ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር።

ሁሉም ሲሄዱ እኔና ኦኩሙ ቀረን። በመጨረሻ ጠየቅኩት። ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን።

«ያን ቀን ምን ሆነ?»

ወረቀቱን መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለ።

«አይወጣም አልኩ። ፕሮፌሰሩ የት ተጽፏል አለኝ፣ ሁሉም ሳቁ። አፖንዲ አልሳቀችም። ‹አጎቴ ኦኩሙ፣ ውሃውን ነገ ለስብሰባ ይፈልገዋል፣ ካልቀዳሁ ይቆጣኛል፣ ራሴ እነዳዋለሁ› አለችኝ። አንድ እግሯን ጀልባው ውስጥ አስገባች። ብቻዋን ልልቀቃት?»

«ጃኬት…»

«ጠየቅኩ። የመጋዘኑ ቁልፍ የለም አሉኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሦስቴ መጣሁ እኮ፣ የአፖንዲ እናት።»

እቤቴ መጥቼ ተፋሁ፣ ግን የሚወጣ ነገር አልነበረም። ገበያ መሀል ማን ላይ ነው የተፋሁት? ልጄን ብቻዋን አልለቅም ያለ ሰው ላይ። የምጸየፈው ሰው ሳጣ ራሴ ቀረሁ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

አልጻፍም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

ነኬሳ አዲስ ወረቀት አምጥታ አሳየችኝ። ለሚቀጥለው ዓመት እንግዶች ነው። አሥራ ሦስተኛው አሁን ታትሟል። «ተቋሙ ለእንግዶች ደኅንነት ባለው ጽኑ አቋም መሠረት የጀልባ ጉዞ ከቀትር በፊት ብቻ ነው።» አፖንዲ የለችም። እኔም የለሁም። አኝከው፣ አጣፍጠው፣ የራሳቸው አድርገውታል።

«ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው የጻፈው» አለች ነኬሳ። አፍንጫዋን ነፋች። «‹ጽኑ አቋም›! ስተይበው እጄን አሳከከኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ? ሳቄ ራሱ አስጠላኝ። ይሁን።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

ትናንት ኦኩሙ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሚስቱ ፊቷን አዞረችብኝ። እውነቷን ነው። እሱ ግን፣ «ቦታውን ማየት ይፈልጋሉ?» አለኝ።

በሐይቁ ዳር ተወልጄ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወጣን። ውሃው ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር። አስመለሰኝ፣ በጀልባው ጎን ወደ ውሃው። ኦኩሙ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ።

አንድ ቦታ ላይ ሞተሩን አጠፋ። «እዚህ ነው» አለ። ሌላ ምንም የለም። ምልክት የለም። አበባ አልያዝኩም። እጄን እስከ ክርኔ ውሃው ውስጥ ከተትኩ፣ ቀዝቃዛ ነው። ስሟን ጠራኋት። አንዴ።

«ጊዜ አለን?» አልኩት።

ፀሐይዋን አየ። «አለን። እስከ አምስት።»

ተቀመጥን። ስለ እሷ አወራኝ፣ ጀልባ ላይ እንዴት እንደምትዘፍን፣ ድምፅዋ እንዴት እንደማያምር። ይህን አላውቅም ነበር።

ከዚያ መለሰኝ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እቤቴ ነበርኩ።