ልጅሽ ሆድ ውስጥ ያለችው ወፍ

ልጄ፣ ባለሽበት ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ክፉ ነገር በሩቁ ይለፍሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱ ብቻ ካለ አንቺ ይሰፋብኛል።

አትደንግጪና፣ ልጅሽ ከአጥር ወድቆ ክንዱን ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አሁን በጄሶ ታስሮ ቤቱን ያምሰዋል። እዚያ የሚተኙትን ልጆች ሁሉ ለጉበት ቫይረስ ይመረምራሉና፣ በእሱም ደም ውስጥ ተገኘ።

«ምኑንም ሳያመው?» ብዬ ነርሷ ላይ አፈጠጥኩ።

«እማማ፣ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚቀመጥ እኮ ነው የምንፈልገው። ክትትሉን እንዳያቋርጥ ብቻ» አለችኝ።

እኔ አፌ አያርፍ፣ «የወፍ በሽታ» ስል ልጅሽ ሰምቶ፣ «አያቴ፣ ወፏ ከሆዴ መቼ ነው የምትበረው?» እያለ ይነዘንዘኛል። ጎረቤታችን ልጆቿን ከእሱ ጋር እንዳይጫወቱ ከለከለች። አብሮ በመብላት አይተላለፍም ብላት፣ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። እኔም እሱ ያስተረፈውን ውኃ በዚያው ኩባያ፣ እያየኝ እጨልጠዋለሁ።

በወሊድ ከእናት ይተላለፋል ብለው አንቺ የት እንዳለሽ ጠየቁኝ። ሩቅ ናት ስላቸው እኔን መረመሩኝ፤ እኔም ላይ ተገኘ። ወፏ ከእኔ ተነስታ፣ በአንቺ በኩል አልፋ ይሆናል እሱ ላይ ያረፈችው። ማናችንም አላወቅንም፤ በዚህ እንዳታለቅሺ።

አደራሽን ተመርመሪ። ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። ውጤቱን ስትሰሚ ግን ደውለሽ እኔን በስልክ ያዢኝ፤ ብቻሽን አትስሚው። እኔ የእኔን ስሰማ፣ አጠገቤ ወዳለው ባዶ ወንበር ዞሬ «ሰማሽ?» አልኩት።