የገዛ መጽሐፋችንን እንድንዋስ ይፈቀድልን ዘንድ

ለተከበሩ አቶ ምንተስኖት
የሰፈራችን የሕዝብ ንባብ ቤት ኃላፊ
ቡታጅራ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም የመስታወት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘውን ቀኝ እጅዎን አላህ ይጠብቅልን። እኔ የመድኃኒት ቤቷ ፈቲሀ ነኝ፤ የምጽፍልዎ በመጽሐፍ ዕቁባችን ጸሐፊነቴ ነው። እኛም አልሐምዱሊላህ፣ የምናነበው ከማጣታችን በቀር ደህና ነን።

ዕቁባችንን እርስዎ አሳምረው ቢያውቁትም ይህ ግልጽ ደብዳቤ ነውና ለሌላው አንባቢ ላስረዳ። እኛ ዘንድ መጽሐፍ አንድ፣ አንባቢ ዘጠኝ ነው። ቡኢ ካለ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ ጉብሬ ከሚማር ዘመድ፣ አንዳንዴም ሚኒባስ ውስጥ ከተረሳ ፌስታል ደህና መጽሐፍ ስናገኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ዕጣ እናወጣለን፤ ዕጣው የወጣለት ሳምንቱን አንብቦ ይመልሳል። ያሁኑ መጽሐፋችን ሽፋን ስለሌለው ርዕሱንም ደራሲውንም የሚያውቅ የለም። የምናውቀው አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት መገደሉንና ገዳዩ መፈለጉን ነው።

ስምንተኛው ዕጣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ማዕዶት ወጣ። የመጨረሻዋ ልብስ ሰፊዋ ሳሌሃ ናት። ሳሌሃ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ካቋረጠች ወዲህ አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብባ አታውቅም። የላላውን ጥራዝ በመርፌዋ ስትሰፋልን እንኳ፣ ዕጣዬ ሳይደርስ አልነካም ብላ አንድ መስመር አላነበበችም። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩. መጻሕፍቱን በመስታወት ቁም ሣጥን ቆልፈው በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ገጽ ሳይታጠፍ በማቆየትዎ እናመሰግናለን። አምና ልንዋስ ስንመጣ፣ መጽሐፍ በሰው እጅ እንደሚያረጅ በትዕግሥት አስረድተው ባዶ እጃችንን ሸኝተውናል። ንባብ ቤትዎ ከአንባቢ እንዲህ መጠበቁ ለሌሎች ከተሞችም ትምህርት ይሆናል።

፪. ባለቤትዎ ያመጡትን መጽሐፋችንን ወደ ቢሮ ወስደው በሥራ ሰዓት፣ ከጠረጴዛ ሥር፣ ለማንበብ ስለደፈሩ እናመሰግናለን፤ በዚያ ቤት ሲነበብ የታየ የመጀመሪያው መጽሐፍ የኛው ነው። ችግሩ፣ እጅዎ ማኅተም ለምዷልና ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ሳያስቡት የንባብ ቤቱን ማኅተም አሳረፉበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ፣ ይቅርታም ይጠይቅ ነበር። እርስዎ ግን ማኅተም ያረፈበት ሁሉ የመንግሥት ንብረት ነው ብለው «ርዕስ የሌለው፣ ብዛት አንድ» ሲሉ መዘገቡና ቆለፉበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ፤ እኛም የእርስዎን መጽሐፍ ስንመኝ የራሳችንን አስረክበን ተመለስን።

፫. ሳሌሃ ዕጣዋ ደርሶ መጽሐፏን ልትወስድ ብትመጣ፣ በአክብሮት ተቀብለው የውሰት ቅጽ ስለሰጧት እናመሰግናለን። ቅጹ ርዕስ ይጠይቃል፤ መጽሐፉ ርዕስ የለውም። ደራሲ ይጠይቃል፤ ደራሲውም የለም። ያልተሟላ ቅጽ አልቀበልም ብለው መለሷት። ሦስት ጊዜ መጣች፣ ሦስት ጊዜ መለሷት፤ መጽሐፉ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ፣ በገዛ እጇ የሰፋችበትን ቀይ ክር እያየች።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም፤ ተናድጃለሁ። በሦስተኛው ቀን መድኃኒት ቤቴ ገብታ፣ ድሮም ንባብ ለኔ ቢጤ አልተጻፈም አለችኝ። ስምንት ሳምንት በደስታ የጠበቀችን ሴት ይህን ያስባለ ቅጽ፣ ማኅተሙ ምንም ያህል ክብ ቢሆን፣ ያሳፍራል።

ስለዚህ መጽሐፉ እስከ መጪው ሐሙስ ሳሌሃ እጅ እንዲገባ በትሕትና እጠይቃለሁ። ማኅተሙን አይፋቁት፤ ዕቁባችን ለመንግሥት መጽሐፍ ያዋሰ የመጀመሪያው ዕቁብ መሆኑን ለልጆቻችን እናሳይበታለን።

ንብረት ለመጠበቅ ያልዎትን ትጋት፣ ለአንባቢም ያልዎትን ርኅራኄ በእኩል ዓይን ከምታይ አክባሪዎ፣

ፈቲሀ ሙስተፋ
የመጽሐፍ ዕቁቡ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ማዕዶት፣ እቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን አንቀጽ ሳሌሃ እንዳታነበው አስምያታለሁ። ከቆለፉበት መጽሐፍ መጨረሻ ሃያ ሁለት ገጽ እንደሚጎድል ሳያስተውሉ አይቀሩም፤ ተገንጥሎ ስለነበር ለስፌት ሳሌሃ ዘንድ ቀርቷል። እሷ አላነበበችውም፤ እኛ ሰባታችን ግን ጨርሰነዋል። ባለቤትዎ እንደነገሩኝ እርስዎ ገዳዩን ለማወቅ እንቅልፍ አጥተዋል፣ አማችየውንም ይጠረጥራሉ። መጽሐፉ ሐሙስ ከተመለሰ ሳሌሃ ስትጨርስ ገጾቹን በተራዎ ያገኛሉ። ካልተመለሰ ግን ዓርብ ጠዋት የገዳዩ ስም በአጭር መልእክት ስልክዎ ላይ ይገባል። ለጊዜው አማችየው አለመሆኑን በታላቅ አክብሮት አሳውቅዎታለሁ።